አምበሉ ከመስመሩ ውጪ



ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም የነበረ እጁን ያንሣ ብል ከዚህ አዳራሽ ብዙ እጅ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔም ነበርኩ። ሰዉ ከዋዜማው ጀምሮ ጋቢውን ተከናንቦ ሰልፍ ላይ አድሯል። ዓለም ዋንጫ የሚባለው ነገር በታሪካችን ከመቼውም ይልቅ የቀረበን ያን ጊዜ ነው፤ ሁለት ጨዋታ ብቻ ቀርቶናል። በሁለተኛው አጋማሽ በኃይሉ አሰፋ የመታት ኳስ መረብ ላይ ስታርፍ፣ አጠገቤ የቆሙ የማላውቃቸው አዛውንት አንገቴን አቅፈው አለቀሱ። ከዚያ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍፁም ቅጣት ምት ደገመው፤ 2 ለ 1። ያን ያህል ሕዝብ እያለ የወረደው ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ያን ቀን ስናስታውስ የምናነሣው ኤሜኒኬን ነው፣ ዳኛውን ነው፣ ያመለጡንን ዕድሎች ነው። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ከናይጄሪያ ተቀያሪ ወንበር ፊት ቆሞ ስለነበረው ሰው፣ ስለ ስቴፈን ኬሺ ነው። ከወር በኋላ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ደግሞን በሩን የዘጋብን እሱ ነው። ሆኖም የአገር ልጅ አሠልጣኝ ምን ችሎ ምን እንደሚቀበል የዚህን ሰው ሕይወት ያህል የሚያሳየኝ አላገኘሁም። ከዚህ በኋላ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ታሪኩ የተመዘገበው በዚያ ነውና።

አባቶቻችን የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት ጃንዋሪ 21 ቀን 1962 ነው። ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረትተው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 23፣ በሰሜን ናይጄሪያ አዛሬ በምትባል ከተማ ኬሺ ተወለደ። ግጥምጥሞሹ ምንም አያረጋግጥም፤ ግን ቀኖቹን ጎን ለጎን ባየሁ ቁጥር ይደንቀኛል። እኛ ጫፍ ላይ በደረስንበት ሳምንት የተወለደ ልጅ፣ ከ51 ዓመት በኋላ ወደዚያ ጫፍ ልንመለስ ስንሞክር መንገዱ ላይ ቆሞ ጠበቀን።

የቤተሰቡ አገር በደቡብ ያለችው ኢላ ናት። ያደገው ሌጎስ ነው፤ የተማረውም በኳስ ተጫዋቾቹ ስሙ በሚጠራው ሴንት ፊንባርስ ኮሌጅ። የመሀል ተከላካይ ነበር፤ ቁመናው ግዙፍ፣ ድምፁ የሚሰማ፣ ሜዳው ላይ ለሌላው የሚያስብ። ተከላካይ ሆኖ ያደገ ሰው አንድ ጥቅም አለው፤ ጨዋታው ሁሉ ከፊቱ ነው። አጥቂው ጀርባውን ለቡድኑ ሰጥቶ ሲጫወት፣ የመሀል ተከላካዩ አሥሩንም ያያል። ማን እንደደከመ፣ ማን እንደፈራ፣ ማን ቦታውን እንደለቀቀ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ከኋላ መስመር የወጡ አሠልጣኞች ቡድንን አንድ ላይ አድርጎ የማየት ዓይን ያላቸው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

በቤኒን ሲቲው ኒው ናይጄሪያ ባንክ ክለብ እያለ፣ በ1985 ከአገሩ ፌዴሬሽን ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ታገደ። በ23 ዓመቱ መንገዱ የተዘጋ መሰለ። እሱ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኮትዲቯር ተሻገረ፤ ለስታድ ዳቢጃን፣ ከዚያም ለአፍሪካ ስፖርትስ ተጫወተ። ከአቢጃን ወደ ቤልጅጉ ሎኬረን፣ በ1987 ወደ አንደርሌክት። ከአንደርሌክት ጋር ሁለት ጊዜ የቤልጅግን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ በ1991 የሊጉን ዋንጫ ወሰደ። ከዚያ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ። ዛሬ ናይጄሪያዊ ተጫዋች አውሮፓ ውስጥ መኖሩ ለማንም አይገርምም፤ ያን ጊዜ ግን መንገዱ ገና አልተጠረገም ነበር። ቤልጅግ ከደረሰ በኋላ ለሌሎች ናይጄሪያውያን በር ሲያንኳኳ፣ ክለብ ሲያፈላልግ የኖረው ኬሺ ነው። «ቢግ ቦስ» የሚለውን ቅጽል ስም ያገኘው ክንዱ ላይ ባሰረው የአምበል ጨርቅ ብቻ አልነበረም።

በብሔራዊ ቡድኑ ግን ዕድሉ ሲዘገይ ኖረ። በ1984 በአፍሪካ ዋንጫ ፍፃሜ በካሜሩን 3 ለ 1 ተሸነፉ። በ1988 እንደገና በፍፃሜው፣ እንደገና በካሜሩን፣ 1 ለ 0። ዋንጫው የመጣው በ1994 ቱኒዝ ላይ ነው፤ ዛምቢያን 2 ለ 1፣ በሁለቱ የኢማኑኤል አሙኒኬ ግቦች። ያ ዛምቢያ በፊተኛው ዓመት ጋቦን ባሕር ላይ በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ብሔራዊ ቡድኑን ያጣ አገር መሆኑን አስታውሱ። ዋንጫውን በአምበልነት ከፍ ያደረገው ኬሺ 32 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ናይጄሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገባች። ቡድኑን የገነባው ሆላንዳዊው ክሌመንስ ዌስተርሆፍ ነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ኋላ ላይ ኬሺ ስለ ውጭ አሠልጣኞች የተናገረው ሲነሣ፣ ከጥላቻ የተነሣ ነው የሚሉ ስላሉ ነው። ጥሩ የውጭ አሠልጣኝ ምን እንደሚሠራ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ለአምስት ዓመት ያህል በአንዱ እጅ ሠልጥኗልና።

ጫማውን የሰቀለው አሜሪካን ዞሮ፣ ማሌዥያን ዞሮ ነው። አሜሪካ ሳለ የአሠልጣኝነት ትምህርት ጀመረ። እዚህ ላይ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልናገር። ተጫውቶ ያለፈ ሁሉ አሠልጣኝ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰው ጎድቷል። ኳስ መጫወትና ኳስ ማስተማር ሁለት ሙያ ነው። ኬሺ ስሙ ናይጄሪያን የሞላ ሰው ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ተማሪ፣ ቀጥሎ ረዳት፣ ከዚያ የወጣቶች አሠልጣኝ ሆነ። ዋናውን ወንበር ስሙ አላስገኘለትም።

ረዳት የነበረው ለሻይቡ አሞዱ ነው። ይህን ስም ያዙልኝ። አሞዱ ለ2002 ዓለም ዋንጫ የሚደረገውን ማጣሪያ ከተበላሸበት አንሥቶ ናይጄሪያን አሳለፈ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ በማሊው የአፍሪካ ዋንጫ ሦስተኛ ሲወጡ፣ ሦስተኛነት አነሰ ተብሎ አሞዱም ኬሺም ተሰናበቱ። ጃፓን የሄደው ሌላ አሠልጣኝ ነው።

በ2004 ቶጎ ጠራችው። ቶጎ ያን ጊዜ ምን ነበረች? ዓለም ዋንጫ አይታ የማታውቅ ትንሽ አገር። ምድቧ ውስጥ ከሁለት ዓመት በፊት በዓለም ዋንጫ ሩብ ፍፃሜ የደረሰችው ሴኔጋል አለች፣ ዛምቢያ አለች፣ ማሊ አለች። ኬሺ ያን ቡድን ይዞ ሴኔጋልን ከኋላው አስከተለ። ኢማኑኤል አዴባዮር በማጣሪያው 11 ግብ አገባ። ኦክቶበር 2005 ብራዛቪል ላይ ኮንጎን 3 ለ 2 ሲረቱ ቶጎ የጀርመንን ትኬት ቆረጠች። እንግዲህ እንደ ኢትዮጵያዊ አስቡት፤ እኛ ስንት ዓመት የምንመኘውን።

ከዚያስ? በጥር ወር ካይሮ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፉ፤ ከአዴባዮርም ጋር ተጋጨ። ፌዴሬሽኑ አሰናበተው፤ ጀርመናዊው ኦቶ ፊስተር ተተካ። ቶጎ በዓለም ዋንጫው ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፋ ተመለሰች። ኬሺ ቢኖር ያሸንፉ ነበር አልልም፤ ምድባቸው ከባድ ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የቆፈረውን ምንጭ ሌላ ሰው ሲቀዳበት ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል ሁለቴ አየው፤ በ2002 በረዳትነት፣ በ2006 በዋናነት።

ማሊን ሲይዝም ዕጣው ብዙ አልተለየም። በ2010 ሉዋንዳ ላይ በአፍሪካ ዋንጫ መክፈቻ ጨዋታ፣ በ79ኛው ደቂቃ አንጎላ 4 ለ 0 ትመራለች። ተመልካቹ መደነስ ጀምሯል። በቀሩት ደቂቃዎች ማሊ አራት ግብ አገባች፤ 4 ለ 4። እንዲህ ያለውን ነገር በሥልት ስሌት ብቻ የሚያብራራ ካለ እኔ አላምነውም። የተሸነፈ ቡድን የሚነሣው መልበሻ ክፍል ውስጥ ተስፋ እንዳይቆርጥ የሚይዘው ሰው ሲኖረው ነው። ያም ሆኖ ማሊ ከምድቡ አላለፈችም፤ ኬሺም ተሰናበተ።

በ2011 መጨረሻ አገሩ ጠራችው። ናይጄሪያ ለ2012ቱ የአፍሪካ ዋንጫ እንኳ ሳታልፍ ቀርታለች። ኬሺ ያደረገው ብዙዎች ያልደፈሩትን ነው። ትልልቅ ስሞችን፣ እነ ኦሳዜ ኦዴምዊንጊን፣ እነ ኦባፌሚ ማርቲንስን ትቶ በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ስድስት ልጆች ይዞ ለቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ጎድፍሬይ ኦቦአቦናን ከአገር ቤት ሊግ አምጥቶ ከ19 ዓመቱ ኬኔት ኦሜሩዎ ጋር መሀል ተከላካይ አደረገው። የኢኑጉ ሬንጀርሱ ሰንደይ ምባን አማካይ አደረገው። ጋዜጣው ጮኸ። ይህ ውሳኔ ግን የአምበልነቱ ቅጥያ ነው። እሱ ራሱ ከሌጎስና ከቤኒን ሜዳ የወጣ ልጅ ነው፤ የአገር ውስጥ ሊግ ተጫዋች አቅም ምን ድረስ እንደሆነ በዝና ሳይሆን በሥጋው ያውቀዋል።

ከዚያ እኛ ጋ ደረሰ። ዋሊያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰዋል፤ የመጀመሪያ ጨዋታችንንም ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 የወጣነው ጃንዋሪ 21 ነው፤ አባቶቻችን ዋንጫውን ባነሡበት ቀን። ጃንዋሪ 29 ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ተገናኘን። ሁለቴ አቻ የወጣችው ናይጄሪያ ለማለፍ ድል ትፈልጋለች። እስከ 80ኛው ደቂቃ ግብ የለም። ኬሺ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ሥራው በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ቪክቶር ሞሰስ ፍፁም ቅጣት ምት አገባ። መጨረሻ ላይ ሌላ ተጨመረ፤ በረኛችን ሲሳይ ባንጫ ቀይ ካርድ አይቶ፣ የመሀል ተጫዋቹ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ በግቡ አፍ ቆመ፤ ሞሰስ እንደገና አገባ። ለእኛ የዕለቱ ሐዘን ነው። ለኬሺ ከሞት መትረፍ ነበር።

ሩብ ፍፃሜው ከኮትዲቯር ጋር ነው፤ ከእነ ድሮግባ፣ ከእነ ያያ ቱሬ። በጊዜው በሰፊው እንደተዘገበው፣ የራሱ ፌዴሬሽን ሰዎች ይሸነፋል ብለው የመመለሻ ትኬት አስይዘውለታል፤ የሚተካውንም ማሰብ ጀምረዋል። ኤሜኒኬ ከቅጣት ምት አገባ፤ ቲዮቴ አቻ አደረገ፤ በ78ኛው ደቂቃ ሰንደይ ምባ፣ ያ የኢኑጉ ልጅ፣ ከሩቅ መትቶ አሸነፈ። በግማሽ ፍፃሜው ኬሺን ያሰናበተችው ማሊ መጣች፤ 4 ለ 1። በፍፃሜው ጆሃንስበርግ ላይ ቡርኪና ፋሶን 1 ለ 0 አሸነፉ። ያገባው ምባ ነው።

በተጫዋችነትም በአሠልጣኝነትም የአፍሪካን ዋንጫ በማንሣት ኬሺ ሁለተኛው ሰው ነው። የመጀመሪያው ግብፃዊው ማሕሙድ ኤል ጎሃሪ ነው። የእሱንም ታሪክ ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም እሱም በእኛ በኩል አልፏል። በ1959 ካይሮ ላይ ሦስት አገር ብቻ በተሳተፈበት ውድድር ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ስታሸንፍ ሦስቱን ያገባው የ21 ዓመቱ ኤል ጎሃሪ ነበር። ጉልበቱን ተጎድቶ በጊዜ አቆመ፤ የጦር መኮንን ሆኖ አገልግሎ ወደ አሠልጣኝነት መጣ። ግብፅን በ1990 ዓለም ዋንጫ አደረሰ፣ ሆላንድን 1 ለ 1 ያዘ። በዚያው ዓመት በወዳጅነት ጨዋታ በግሪክ 6 ለ 1 ሲሸነፍ ግን አሰናበቱት። ተመልሶ መጥቶ በ1998 ዋጋዱጉ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለቱንም ሰዎች ሳስብ፣ የመጀመሪያው በተጫዋችነቱ፣ ሁለተኛው በአሠልጣኝነቱ በእኛ ላይ ተረማምደው ማለፋቸው ያመኛል፤ በሌላ በኩል የአፍሪካ ኳስ ታሪክ ያለ እኛ እንደማይነገርም ያስታውሰኛል።

ከፍፃሜው ማግስት ኬሺ በደቡብ አፍሪካ ሬዲዮ ቀርቦ ሥራ መልቀቁን ተናገረ። ያ የመመለሻ ትኬት ከልቡ አልወጣም። ባለሥልጣናት ለምነው መለሱት። ውድድሩ ላይ ሳለ አንድ ሐሳብ በግልጽ ተናግሮ ነበር፤ የአፍሪካ ፌዴሬሽኖች ለነጭ አሠልጣኝ ጊዜም ሰበብም ይሰጣሉ፣ ለራሳቸው ልጅ ግን ዛሬ መጥተህ ዛሬ አሸንፍ ይሉታል ብሎ። «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» እንላለን እኛ። እሱ ተረቱን ባያውቀውም ኖሮበታል። በዚያ ዓመት ለወራት ደመወዝ ሳይከፈለው ሲሠራ ነበር፤ አዲስ አበባ መጥቶ እኛን ያሸነፈው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ነው።

የዚህን ተረት የእኛን ወገን እዚሁ ላንሣ። በዚያ ጨዋታ በሌላኛው መስመር ላይ የቆሙት አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ የመጣውን ቡድን አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያበቁት፣ ለዓለም ዋንጫ መጨረሻ ደጃፍ ያደረሱት እሳቸው ናቸው። ካላባር ከተሸነፍን ገና መንፈቅ ሳይሞላ ተሰናበቱ፤ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተተኩ። ባሬቶን ለመውቀስ አይደለም። ሁለቱ አሠልጣኞች፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም፣ ያን ቀን ከፊት ለፊታቸው የነበራቸው ዕጣ አንድ ዓይነት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ኬሺ ብራዚል ሄደ። ያዘጋጀውን ቡድን ራሱ ይዞ ዓለም ዋንጫ የገባበት ብቸኛ ጊዜ ነው። ከኢራን ያለ ግብ ወጡ፣ ቦስኒያን 1 ለ 0 አሸነፉ፣ ከአርጀንቲና ጋር 3 ለ 2 ተሸንፈው አለፉ። አፍሪካዊ አሠልጣኝ ቡድኑን ወደ ጥሎ ማለፍ ሲያሻግር የመጀመሪያው ነው። በፈረንሳይ 2 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ።

ጉድለት አልነበረበትም አልልም። ቁጣው ፈጣን ነበር፤ ከታላላቅ ተጫዋቾች ጋር ሲጣላ እርቅ ለማውረድ አይቸኩልም። ከብራዚል መልስ ቡድኑ ደከመ፤ ካላባር ላይ በኮንጎ 3 ለ 2 ተሸነፈ፣ ካርቱም ላይ በሱዳን ተሸነፈ፤ የያዘውን የአፍሪካ ዋንጫ ለመከላከል እንኳ ሳያልፍ ቀረ። አሰናበቱት፣ መለሱት፣ በ2015 እንደገና አሰናበቱት። ለዚያ ማጣሪያ ውድቀት ኃላፊነቱ የእሱ ነው፤ አምበል ነውና እሱም ይህን የሚክድ አይመስለኝም።

በ2015 ዲሴምበር የትዳር አጋሩ በካንሰር አረፈች። ከዚያ በኋላ ያዩት ሰዎች ያ ግዙፍ ሰው ዝም ብሎ ነበር ይላሉ። በጁን 2016፣ በቤኒን ሲቲ፣ ለኒው ናይጄሪያ ባንክ በተጫወተባት ከተማ፣ በ54 ዓመቱ በድንገት ሞተ።

ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ሻይቡ አሞዱ ያን ጊዜ የናይጄሪያ ፌዴሬሽን የቴክኒክ ዳይሬክተር ነበር። በ2002 ከኬሺ ጋር የተሰናበተው፣ በ2010ም ናይጄሪያን ለዓለም ዋንጫ አሳልፎ ወንበሩን ለስዊድናዊው ላርስ ላገርባክ ያስረከበው እሱ ነው። የኬሺ ሞት ሳምንት ሳይሞላው፣ በዚያችው በቤኒን ሲቲ፣ አሞዱም አረፈ። ናይጄሪያ ሁለቱን አሻጋሪዎቿን በአንድ ሳምንት ውስጥ አጣች።